በሽፋሽፍቴ የታረቁ ወንድማማቾች

ስለ ዓይኔ ስትጠይቁ ለከረማችሁ ሁሉ፦ ተሽሎኛል። ላልጠየቃችሁም ተሽሎኛል። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረና የሰውን እርቅ እስከ ማፍረስ እንዴት እንደደረሰ ግን ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል። ገበያ ላይ በሚወራው መሠረት ከዓይኔ የወጣው ነገር አሁን ጢንዚዛ አክሏል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ያለው ሰው የመካነ ሰላምን ገበያ አያውቀውም፤ እዚህ የሚጨመረው ክንፍና ቀንድ ነው።

እኔ መምህር ነኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን የምናገረው ልኮራ ፈልጌ አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ ያሳፍረኛል።

የጀመረኝ በማሳከክ ነው። ጠዋት ስነሣ የዓይኔ ቆብ ጠርዝ ይበላኛል፤ ሽፋሽፍቴ ሥር ፎረፎር የመሰለ ነገር ተለጥፎ አገኛለሁ። ቀጥሎ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኝ ጀመር። ከዚያ እንባው መጣ። እንባው ደግሞ ቦታና ሰዓት አይመርጥም። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ይወርዳል፣ ሽሮ ስበላ ይወርዳል፣ በራዲዮ የአየር ትንበያ ስሰማ ይወርዳል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፈተና ሳርም ሁለት ሦስት ጠብታ ወረቀቱ ላይ አረፈ። የክፍሉ አለቃ፣ አንዲት ቁም ነገረኛ ልጅ፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «መምህር፣ ለሚቀጥለው እናሻሽላለን» አለችኝ። እውነትም አሻሻሉ። ያን ያህል ዘመን ስገሥጽ፣ ስመክርና ወላጅ ሳስጠራ ያላገኘሁትን ውጤት በእንባ አገኘሁት።

በእኛ አገር ዓይኑን የታመመ ሰው ሐኪም አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ከሐኪሞቹ ማምለጥ ነው። አንደኛው ጎረቤቴ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ይዞ መጣ። ሁለተኛዋ «ሰው በልቶሃል፣ ፊትህ ይናገራል» አለችኝ። ባለቤቴ የሺ ደግሞ አረቄ ነው አለች። የሺ አረቄ ነው የማትለው በሽታ የለም፤ እግሬ የተሰበረ ጊዜም ብላዋለች። ከሁሉም የማልረሳው ግን በቅርቡ የወለደችውን የአስካለን ነው። የሴት ወተት ለዓይን መድኃኒት ነው ብላ፣ በስኒ አልባ፣ ልጇን አዝላ መጣች።

«ኸልጄ ጉሮሮ ነጥቄ ነው ያመጣሁልህ፤ ዓይንህን ክፈት» አለችኝ።

ከፈትኩ። አንድ ጠብታ ለቀኙ፣ አንድ ጠብታ ለግራው አደረገችልኝ። ሕፃኑ በእናቱ ትከሻ በኩል ብቅ ብሎ የሆነውን ሁሉ ተከታተለ። እንዲያ ያለ አስተያየት ከትልቅ ሰው እንኳ አይቼ አላውቅም። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ጠበልም ሄጃለሁ። ጤና ጣቢያም ሄጄ ቅባት ተሰጥቶኛል፤ ስቀባው ጋብ ይላል፣ ስተወው ይመለሳል። እንዲህ እያልኩ ስከርም ነው ሽምግልና የተጠራሁት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጎን ለጎን የሚያርሱ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታላቁ አያሌው አበልጄ ነው፤ ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ታናሹ ሙላት ይባላል። አያሌው በድንበራቸው ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፉ ሲያድግ የሙላትን ገብስ በጥላው አቀጨጨው፣ በሥሩም ውኃውን ጠጣበት። ሙላት ቢለምን ሰሚ አጣ። አንድ ቀን አያሌው በሬ ሊሸጥ አጅባር ገበያ ሲወርድ፣ ሙላት መጥረቢያውን ይዞ ወጣና ከፊት ያለውን ረድፍ አጋደመው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

ጠቡ ያደቀቃቸው ግን እናታቸውን እማማ ጥሩነሽን ነው። ከሁለቱ ቤት መካከል ባለች ጎጆ ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሞ የሰው ፊት አይለዩም። ልጆቹ እናታቸውን ቀን ተከፋፈሏቸው። ቅዳሜ የሙላት ሆነ፣ እሑድ የአያሌው። አንዱ ሲመጣ የሌላው ዱላ በር ላይ ተደግፎ ካየ፣ ያመጣውን አጥር ሥር አስቀምጦ ይመለሳል። እማማ ጥሩነሽ እኔ ዘንድ ሰው ልከው ያስጠሩኝ ለዚህ ነበር። «መምህር፣ አፈር ስሆን» አሉኝ፣ «ቃሬዛ በአንድ ሰው አይነሣም። ስሞት አንዱ በራስጌ ሌላው በግርጌ ካልያዘኝ እንዴት ልሆን ነው? ቅዳሜ ግማሼን፣ እሑድ ግማሼን ሊቀብሩኝ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆንን። አባ ወልዴ የነፍስ አባታቸው ናቸው። ሐጂ ሙሄ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ነገር አዋቂ በመሆናቸው በአካባቢው ያለ እሳቸው የሚበርድ ጠብ የለም። እኔ ደግሞ አበልጅ በመሆኔ ነው እንጂ ለሌላ ሙያዬ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእማማ ጥሩነሽ ግቢ ተሰበሰብን። ሙላት ጠፍጣፋ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ መጥቶ ወንድሙ ፊት ተንበረከከ። እንደምታውቁት ድንጋዩን ማውረድ ያለበት የተበደለው ሰው ብቻ ነው። እሱ በገዛ እጁ እስኪያወርደው በዳዩ እንደተንበረከከ፣ ሽማግሌውም እንደቆመ ይቆያል። አያሌው የዱላውን ጫፍ መሬት ላይ ያሽከረክር ጀመር። አባ ወልዴ ስለ ይቅርታ አስተማሩ፤ ዱላው መሽከርከሩን ቀጠለ። ሐጂ ሙሄ «በአላህ በማርያም፣ አያሌው! የአባትህን አጥንት አታስወቅስ!» አሉ። ዱላው ቆመ ስንል እንደገና ዞረ።

ተራው የእኔ ሆነ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ በግራ ዓይኔ በኩል አንዲት ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፋ ስትወጋኝ ነበር። ሽማግሌ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ዓይኑን እንደ ሕፃን ማሸት አይገባውም፤ ስለዚህ አላሸሁም። አባ ወልዴ ምን ብለው እንዳስተማሩ አልሰማሁም። ሐጂ ሙሄ ሲማጸኑ የሰማሁት ጮክ ስላሉ ብቻ ነው። ያሳሰበኝ ነገር ቢኖር ሽምግልናው ሲያልቅ ከቤቱ ጀርባ ዞሬ ዓይኔን እስክጠግብ ማሸት ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ከአውድማው በኩል ነፋስ ተነሣና ገለባውን ከነአቧራው ፊቴ ላይ ደፋው።

«አያሌው...» አልኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እንባዬ በጉንጬ ወርዶ ጺሜ ውስጥ ገባ፣ ከጺሜ አልፎ ጋቢዬ ላይ ተንጠባጠበ። አፍንጫዬም ተከተለ።

አያሌው ቀና ብሎ አየኝ። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«በቃህ፣ አበልጄ! በቃህ!» ብሎ ተነሣና ድንጋዩን ከሙላት ማጅራት አወረደው። «ወንድሜ፣ ተነሣ» አለው።

እማማ ጥሩነሽ ከተቀመጡበት እልል አሉ። ሐጂ ሙሄ እጄን ይዘው «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሽፋሽፍቴ ነው ልበል? ዝም አልኩ። ዝምታዬ ደግሞ ትሕትና ሆኖ ተቆጠረልኝ። ወንድማማቾቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ይመጡ ጀመር። ድንጋዩም ጠፍጣፋ ስለነበረ ሙላት ከእናቱ በር አጠገብ አደላድሎ አስቀመጠው፤ እማማ ጥሩነሽ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበት መቀመጫ ሆነ።

ወሬው ግን እግር አወጣ። «እንባው ቅርብ የሆነው መምህር» ተባልኩ። የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ እኔን ማስጠራት ጀመረ። የማኅበሩ ጠላ ቀጠነ ብለው የተኳረፉ ሰዎች አስጠሩኝ። አንዱ ሚስቱን ያባረረ ሰውዬ፣ በአጥሩ ላይ ስንመጣ አይቶን ገና ሰላም ሳንለው «እሺ፣ ታርቄያለሁ! እሱን ሰውዬ አታስለቅሱት!» ብሎ ጮኸ። ለቅሶ ቤትም ከፊት ያስቀምጡኝ ጀመር። የሺ ይህን ሁሉ ስታይ ከርማ አንድ ቀን «ለእናቴ ለቅሶ እንደዚህ ብታለቅስ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ያኔ ዓይኔ ጤነኛ ነበር።

ሰውን ያስታረቀ በሽታ እኔን ግን አላስተኛኝ አለ። ጠዋት ዓይኔ ተጣብቆ አልከፈት ሲለኝ ወደ ደሴ ሄድኩ። ያቺ ሚኒባስ በዚያ መንገድ ስትነጥር ከመካነ ሰላም ይዤው የተሳፈርኩት አጥንት ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ አልደረሰም። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየችና አንዲት ሽፋሽፍት ነቅላ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠቻት። ከዚያ ፊቷ በደስታ በራ። ሐኪም ሲደሰት በሽተኛ መፍራት አለበት።

«ይምጡ፣ ይዩዋቸው» አለችኝ።

አየኋቸው። ረዘም ረዘም ያሉ፣ ጭራቸው የቀጠነ፣ ከጭንቅላታቸው አጠገብ ስምንት አጫጭር እግር ያላቸው ፍጥረታት ናቸው። አንዷ እግሯን አነሣችብኝ፤ ሰላምታ ይሁን ማስጠንቀቂያ አላወቅሁም። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ቀን ቀን ሽፋሽፍት ሥር አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ፤ ጨለማ ሲሆን ወጥተው በቆቡ ላይ ይዞራሉ። ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ አያጣቸውም፣ እኔ ላይ ግን ከልክ በላይ በዝተዋል። ባለ ስምንት እግሮችን ስንት ዘመን ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተማርኩ! እግራቸውን ያልቆጠረ ተማሪ ነጥብ ቀነስኩበት! እነሱ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከዓይኔ ጠርዝ ላይ ሆነው ትምህርቱን ይከታተሉ ነበር።

«ወደ ሌላ ሰው ይጋባል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እንዲሁ በመንገድ አይጋባም። ፊት ከፊት ሲነካካ፣ አንድ ትራስ ላይ ሲተኛ ነው» አለችኝ። በሞቀ ጨርቅ እንድሸፍነው፣ በሰጠችኝ ማጠቢያ የሽፋሽፍቴን ሥር ጠዋትና ማታ እንዳጥብ፣ የትራስ ልብሴንም በፈላ ውኃ እንዳስቀቅል አዝዛ ሸኘችኝ።

ለማንም እንዳትናገር ብዬ ለየሺ ነገርኳት። የሺ ምሥጢር ትጠብቃለች። ሆኖም ሰው ቤቱ ያለውን ትራስ ሁሉ አውጥቶ በበርሜል ሲቀቅል ጎረቤት ይጠይቃል፣ ጎረቤት ሲጠይቅ ደግሞ ዝም ማለት ነውር ነው። ለአስካለ ብቻ ነገረቻት። በገበያው ቀን ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ጠበቀኝ። ሰው ከሩቅ እጅ ይነሣኝ ጀመር። ጉንጭ ለጉንጭ የሚስመኝ ወዳጄ ሁሉ በትከሻው ሰላም ብሎኝ «ይጋባል እንዴ?» ይላል። «አይጋባም» እላለሁ። ስለ አኗኗራቸው ሰፊ ማብራሪያ እሰጣለሁ፤ «አንተም አለብህ፣ ሁላችንም አለብን» እላለሁ። ይህ ማብራሪያ ወዳጅ እንደማያበዛ ዘግይቼ ነው የገባኝ።

መድኃኒቱ ግን ሠራ። ማሳከኩ ተወኝ፣ ፎረፎሩ ጠፋ፣ እንባው ደረቀ። ደስታዬን ሳልጨርስ አያሌው ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ።

«አበልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለ። «ያን ቀን ያለቀስከው አንተ ነህ ወይስ እነሱ?»

አበልጅን መዋሸት አልቻልኩም። «እነሱ ናቸው» አልኩት።

«እንግዲያው ድንጋዩ ይመለስ።»

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ጠላ ቤት ውስጥ «በቅማል የታረቀው» እያሉ ሲስቁበት መክረማቸውን ነገረኝ። «ድንጋዩን ያነሣሁት በእንባህ ነው። እንባህ የተባይ ከሆነ ይቅርታዬም የተባይ ነው። እኔ ለተባይ ይቅር አላልኩም» አለ። ድንጋዩ ሙላት ማጅራት ላይ ተመልሶ ነገሩ እንደ አዲስ ይታይልኝ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ለዚያ ዓመት መስከረም የሚበቃው ጉድ ከእኔ ቤት ወጣ።

እንደገና በዚያው ግቢ ተሰበሰብን። እማማ ጥሩነሽ በራቸው አጠገብ በመቀመጫቸው ላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ ድምፅ ያዞራሉ። አባ ወልዴ «እግዚአብሔር በምን እንደሚሠራ አይታወቅም፤ በተባይም ይሠራል» አሉ። አያሌው አልተቀበለም። ሐጂ ሙሄ ጺማቸውን ካሹ በኋላ «አላህ የሚያየው ልብን ነው። መምህር፣ ወላሂ በል፣ ያን ቀን ልብህ የት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ግራ ሽፋሽፍቴ ላይ» አልኩ።

ሐጂ ሙሄ ጺማቸውን ማሸት አቆሙ።

ሙላት ብድግ አለ። «እኔ አንገቴን እስካሁን ያመኛል፤ ሁለተኛ አልሸከምም! ካልፈለገኝ ይቅር። ቅዳሜ የእኔ፣ እሑድ የእሱ። እንደ ድሯችን!»

ይህን ሲል እማማ ጥሩነሽን አየኋቸው። ፊታቸው የተበተነ ቤት መሰለ። እዚህ ላይ ነው ከምር ያዘንኩት። አሁን ነው ማልቀስ አልኩ ለራሴ፣ አሁን ነው የሚያስፈልገው። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጨመቅኩ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ዞርኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም። የደሴዋ ሐኪም ሥራዋን ጠንቅቃ ሠርታለች። ያለ ልቤ ስንት ቤት ያስታረቀ እንባ አፍስሼ፣ ከልቤ ባዘንኩበት ቀን አንድ ጠብታ አጣሁ።

«ድንጋዩስ የታለ?» አለ አያሌው፣ ግቢውን በዓይኑ እየፈለገ።

ሁላችንም ወደ አንድ ቦታ አየን።

«እዚህ ነው» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «ተቀምጬበታለሁ።»

«ተነሺ፣ እማ» አለ አያሌው ቀስ ብሎ።

«አልነሣም። ይመለስ ኻልክ ይመለስ፤ ግን ኸነእኔ ነው። በል ና፣ አንተ ጫንበት። ሙላት፣ አንተም ና፣ ኸነእኔ ተሸከመው። ሁለታችሁንም አዝያችኋለሁ፤ ዛሬ ደግሞ እኔን አንድ ጊዜ ተሸከሙኝ።»

አያሌው ዱላውን ጨብጦ ቆመ። እሳቸው ቀጠሉ።

«እንባ እንባ ትላላችሁ። እኔ ያን ቀን እንባ አላየሁም። ይህ ዓይን የሰው ፊት ማየት ኻቆመ ቆይቷል። መምህሩ ያልቅስ አያልቅስ እኔ በምን አውቄ? የእንባውን ነገር ኋላ ኸገበያ ወሬ ነው የሰማሁት። ያን ቀን እኔ የሰማሁት አያሌው ‹ወንድሜ፣ ተነሣ› ሲል ነው። እልል ያልኩት ለሱ ነው። እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ እሱን ያናገረህ የትኛው ተባይ ነው?»

አያሌው ዱላውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። ሙላት መጥቶ እናቱ እግር ሥር፣ ድንጋዩ አጠገብ፣ ተንበረከከ። ማጅራቱ ላይ ምንም አልነበረም። አያሌው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ያዘው፤ ሲያነሣው ጊዜ ሁለቱም ሳያስቡት ጉንጭ ለጉንጭ ገጠሙ፣ ገጥመውም ቆዩ። እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ዘርግተው የማን ፊት እንደሆነ ሳይለዩ ያገኙትን ፊት ሁሉ ዳበሱ። እጃቸው ረጥቦ ተመለሰ።

ሐጂ ሙሄ የጥምጣማቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አባ ወልዴ መስቀላቸውን የሚፈልጉ መስለው ጀርባቸውን ሰጡን። በዚያ ግቢ ውስጥ ደረቅ የነበረው ዓይን የእኔ ብቻ ነው።

በኋላ ሙላት በጋቢው ጫፍ ፊቱን እየጠረገ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ዓይኑ ቀልቷል። ወንድሙ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህር» አለኝ፣ «ይሄ ነገርዎ ይጋባል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ የከረመው ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ከነማብራሪያው በቃሌ ይዤዋለሁ። ወደ አያሌው አየሁ። እሱም ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ያብሳል።

«ይጋባል» አልኩት። «በጣም ይጋባል።»